የላይ ሰፈር ቦኖ ድንጋዮች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በውስጡ ያለነው የአንዲት ትንሽ ከተማ ቧንቧ፣ አንድ ፓምፕ፣ አንድ ሽማግሌና እኔ ብቻ ነን። ሹመት የለበትም፣ ጀብዱም የለበትም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሦስተኛውን ያልቀደድኩት መምህርት ትርሲት "ይጻፉት፣ እኔ አነባለሁ" ስላሉኝና እኔም እሺ ስላልኩ ነው።

ስሜ አዛለች ይባላል። በውሃ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አሁን ደብረ ታቦር ውስጥ በቅዳሜና እሑድ ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከንፋስ መውጫ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። የክፍል ጓደኞቼ በዕድሜ ልጆቼ ይሆናሉ። "ማዘር" ይሉኛል። ሁልጊዜ የፊት ወንበር ላይ ስለምቀመጥና የቤት ሥራዬን በማስመሪያ አስምሬ ስለማመጣ ያሾፉብኛል። ይሹፉ። በሃያ ዓመቴ ያላገኘሁትን በስልሳ ዓመቴ ሳገኘው በጥንቃቄ ልይዘው ብዬ ነው።

ነገሩ የተነሳው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ላይ ነው። መምህርት ትርሲት ስለ መቆጣጠሪያ ምህንድስና መግቢያ ሲሰጡ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥን ሳሉ። አንደኛው ውስጥ "ሞዴል"፣ ሁለተኛው ውስጥ "መቆጣጠሪያ" ብለው ጻፉና በሁለት ቀስት አገናኟቸው። አንድን ነገር ለመቆጣጠር መጀመሪያ ጠባዩን እንለካለን አሉ፤ ከልኬቱ ሞዴል እንሠራለን፣ በሞዴሉ መቆጣጠሪያ እንነድፋለን።

"ግን እዚህ አያልቅም" አሉ። "መቆጣጠሪያው ሥራ ሲጀምር ያ ነገር ከዚህ በፊት ያላሳየንን ጠባይ ያሳያል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው እየሠራ እንደገና እንለካለን፣ ሞዴሉን እናርማለን፣ መቆጣጠሪያውንም በጥቂቱ እናሻሽላለን። ከዚያ እንደገና።"

እጄ ሳላዘው ተነሳ።

"መምህርት፣ ይህን ሲያደርግ የኖረ ሰው አውቃለሁ። ሞዴል ግን አይለውም ነበር።"

"ምን ይሉት ነበር እትዬ አዛለች?"

"ወረቀት።"

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህርት ትርሲት አልሳቁም። "ከትምህርት በኋላ ይጠብቁኝ" አሉኝ። ጠበቅኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ጻፊ የተባልኩት።

*

ሥራ የጀመርኩት ተወልጄ ባደግሁበት ስማዳ፣ ቦኖ ጠባቂ ሆኜ ነው። ቦኖ የሕዝብ ቧንቧ ነው። እኔ አጠገቡ በቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ተቀምጬ ውሃው ሲመጣ እከፍታለሁ፣ ሲበቃ እዘጋለሁ። እዚያ የተማርኩት ትልቅ ነገር ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ድንጋይ መሆኑን ነው። ሰው ጠዋት ድንጋዩን በተራው ያስቀምጥና ወደ እርሻው ወይም ወደ ገበያው ይሄዳል። ድንጋዩ ባለቤት አለው። አንዱ ጠፍጣፋ ነው፣ አንዱ ጨርቅ ታስሮበታል፣ አንዱ ጥግ ጥጉ ተሸርፏል። ማንም የማንንም አያነሳም። ባለቤቱ ሳትኖር ድንጋይ የተነሳ ዕለት የነበረውን ጠብ ሳስታውስ ዛሬም እደነግጣለሁ።

ከዚያ ወደ አርብ ገበያ ተዛወርኩና በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ላይ ተመደብኩ። ኃላፊያችን ሪፖርት የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ሪፖርት እጽፍላቸው ነበር። ከእሳቸው ይልቅ ያስተማረኝ የአርብ ዕለቱ ገበያ ነው። ሰውና አህያው ከየአቅጣጫው ሲገባ፣ በሌላው ቀን ለሁለት ቀን የሚበቃው ውሃ እስከ ቀትር አይቆይም። ከተማ በየቀኑ አንድ ዓይነት እንዳልሆነች ከዚያ ጀምሮ አውቅ ነበር። ይህን የምለው በኋላ የሠራሁት ስህተት ባለማወቅ እንዳልነበረ ለመናዘዝ ነው።

ሦስተኛው ምድቤ በእስቴ በኩል ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። አያ ታከለን ያገኘሁት እዚያ ነው።

አያ ታከለ የፓምፑ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እርሳሳቸውን በክር አስረው ኮታቸው ቁልፍ ላይ ያንጠለጥሉታል። ፓምፕ ቤት ሲገቡ ቆጣሪውን ከማየታቸው በፊት መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ አድርገው ዝም ይላሉ፤ ሐኪም የበሽተኛ ትርታ ሲቆጥር ይመስላሉ። አንድ ነገር ከነኩ፣ ለምሳሌ ሳራቺኔስካውን፣ ማለትም የቧንቧውን መክፈቻና መዝጊያ፣ ሩብ ዙር ከከፈቱ፣ ወዲያው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት "አያ፣ ለምንድን ነው እጅዎን እንዲህ የሚያደርጉት?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አስሬው ነው።"

"ለምን?"

"ሁለተኛውን ነገር እንዳይነካ። የመጀመሪያው ምን እንዳደረገ ሳላይ ሁለተኛውን ከነካሁ፣ ማን ምን እንዳደረገ በምን አውቃለሁ? እኔ እጄን አላምነውም፤ ይቸኩላል።"

ሌላው ልማዳቸው ድንጋይ መቁጠር ነበር። ቤታቸው ታች ሰፈር፣ ከፓምፑ አጠገብ ነው። ግን በየጠዋቱ መጀመሪያ ዳገቱን እስከ ላይ ሰፈር ይወጡና ሦስቱን ቦኖዎች እየጎበኙ ይወርዳሉ። በእያንዳንዱ ቦኖ ላይ በወረፋ የተቀመጠውን ድንጋይ ይቆጥራሉ። ከዚያ ባለ ካሬ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፦ "ታች 4፣ መሐል 9፣ ላይ 31።" ዝናብ በጣለ ማግስት ግን አይመዘግቡም። ጣሪያው ለሰጠው ውሃ ቦኖው ሊመሰገን አይገባም ይላሉ።

ላይ ሰፈር ሁልጊዜ ብዙ ድንጋይ የነበረው ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ፓምፑ ያለው ከከተማዋ በታች ነው። ውሃው በአንድ ቧንቧ ሽቅብ ይሄድና ኮረብታው ላይ ወዳለው ታንከር ይገባል፤ ላይ ሰፈር የሚጠጣው ከዚያ ታንከር ነው። ታች ሰፈርና መሐል ሰፈር ግን ከቧንቧው ላይ በመንገዱ ይቀዳሉ። ስለዚህ ላይ ሰፈር የሚደርሰው ከሁለቱ የተረፈው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከደረሰ ጥሩ ሳምንት ነበር።

ቧንቧው ሲዘረጋ ቦዩን ከቆፈሩት መካከል አያ ታከለ አንዱ ነበሩ፤ የላይ ሰፈር ሰዎችም አብረዋቸው ቆፍረዋል። ያኔ አያ ታከለ "ውሃ ደጃችሁ ይመጣል" ብለዋቸው ነበር። ይህን ከተናገሩ ብዙ ዓመት አልፏል፤ እሳቸው ግን አልረሱትም፤ ላይ ሰፈርም አልረሳውም።

*

መቆጣጠሪያው ሳጥን የመጣው አያ ታከለ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ነው። ሳጥኑ የታንከሩን ውሃ ከፍታ ኮረብታው ድረስ በተዘረጋ ሽቦ እያየ የሞተሩን ፍጥነት ራሱ ይጨምራል፣ ራሱ ይቀንሳል። ከባሕር ዳር የመጣው ባለሙያ ሁለት ቀን ሠርቶ አገናኘው። የሚስተካከሉ ሁለት ቁጥሮች እንዳሉት አሳየን፣ ጥንቃቄ የተሞላባቸው ትንንሽ ቁጥሮች አስገባልንና "እየለካችሁ አስተካክሉት" ብሎ ሄደ።

ቁጥሮቹን እኔ ለራሴ እንዲህ ብዬ ነበር የያዝኳቸው። አንደኛው፣ ሳጥኑ ታንከሩ ሲጎድል ባየ ጊዜ ምን ያህል እንደሚደነግጥ ነው። ሁለተኛው፣ ያለፈውን ጉድለት ምን ያህል ቂም እንደሚይዝ ነው። ብዙ ከደነገጠ ይቸኩላል፤ ብዙ ቂም ከያዘ ታንከሩ ሞልቶም አይረሳም።

አያ ታከለ ሳጥኑን ዞረው ዞረው አዩትና አሉኝ፦

"አዛለች፣ እኔ ሰኔ ሠላሳ እወጣለሁ። ከዚያ በፊት የላይ ሰፈር ቦኖ ያለ ድንጋይ ሆኖ ባየው ደስ ይለኛል። አንቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰሻል፤ ሂሳቡን አንቺ ያዥ። ልኬቱን አብረን እናደርጋለን።"

ሳጥኑን ለጊዜው በእጅ መንዳት ላይ አድርገን በሁዳዴ አጋማሽ ለካን። እሳቸው ምልክት የተደረገበት ዘንግ ይዘው ታንከሩ ላይ ወጡ። እኔ ታች ፓምፕ ቤት ሆኜ የሞተሩን ፍጥነት አንድ ደረጃ ጨመርኩ። የምንነጋገረው በስልክ ነበር።

"ሃሎ፣ ጨመርሽ?"

"ጨምሬአለሁ አያ።"

"በይ ከእንግዲህ አትንኪው። እጅሽን እሰሪ።"

"አስሬአለሁ።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም።"

"ታዲያ ስልኩን በምን ያዝሽው?"

እየሳቅን ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት ያህል ታንከሩ ምንም አላለም። የተጨመረውን ውሃ መጀመሪያ ታች ሰፈር ጠጣው። እዚያ ሰዎች ውሃ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቁ የግቢያቸውን ቧንቧ ከፍተው ጄሪካን ከሥሩ አድርገው ነው የሚሄዱት፤ የመጣ ሰዓት ይሙላ ብለው። እነዚያ ሁሉ ጄሪካኖች ሲሞሉ ነው ታንከሩ በጣት በጣት መነሳት የጀመረው። ባለ ካሬው ደብተር ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩት። አንደኛው ወረቀታችን ይህ ነበር። ከእሱ ተነስቼ ሁለቱን ቁጥሮች አሰላሁ፣ ሳጥኑን ወደ ራሱ መለስነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ላይ ሰፈር ቦኖ ውሃ በየቀኑ መውረድ ጀመረ። እትዬ ይርጌ የሚባሉ የላይ ሰፈር ሴት ነበሩ፤ ምላሳቸው የተሳለ፣ ልባቸው ግን ለስላሳ። የመጀመሪያ ቀን እልል አሉ። በሁለተኛው ቀን "ቆይ እስኪ፣ ይኼ ነገር ይሰነብት እንደሆን" አሉ። የአያ ታከለ ደብተር ላይ "ላይ 31" የነበረው "ላይ 18" ሆነ።

እኔ ግን 18 አልበቃኝም። ታንከሩ የሚሞላው ቀስ ብሎ ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር እጥፍ ባደርገው ቶሎ እንደሚሞላ ወረቀቱ ያሳያል። ለአያ ታከለ ነገርኳቸው።

"መጀመሪያ እንደገና እንለካ" አሉ።

"ለክተናል እኮ አያ። ወረቀቱ እጃችን ላይ ነው።"

"ወረቀቱ የድሮዋን ከተማ ነው የሚያውቀው።"

"ከተማዋ ያችው ናት። ቧንቧው ያው፣ ሞተሩ ያው።"

"ሰዎቹስ?"

"ሰዎቹም ያው ናቸው።"

"ትናንት ይርጌን ጎመን ስትተክል አየኋት" አሉ። "ውሃ የማታገኝ ሴት ጎመን ትተክላለች? ሳጥኑ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰዉ ሌላ ሰው ሆኗል ልጄ። ከፋሲካ በኋላ እንለካለን፤ እስከዚያ አትንኪው።"

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን በአፌ ነበር።

*

የስቅለት ዕለት አያ ታከለ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ ዋሉ። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ከተማዋ ጭር ብላለች፤ ትልቅ ትንሹ ስግደት ላይ ነው። ፓምፕ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ያን ቁጥር አየሁት። አያ ታከለ ነገ ሲመጡ ታንከሩን ሙሉ ሆኖ ቢያገኙት፣ ላይ ሰፈር የመጀመሪያውን ፋሲካ ከነውሃው ቢያሳልፍ፣ እሳቸው ምን ያህል ደስ ይላቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔንም ምን ያህል ያመሰግኑኝ ይሆን ብዬም አሰብኩ።

ቁጥሩን እጥፍ አደረግኩት።

ታንከሩ እንደ ሕልም ሞላ። ትንሽ ንቅንቅ አላለም፤ ልክ ቦታው ሲደርስ ሞተሩ ራሱ ቀዝቀዝ አለ። ከፍታውን ደብተሩ ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩ፤ እንደዚያ ያማረ መስመር ስዬ አላውቅም። በቀለም እርሳስ ደግሜ አስመርኩት። በዚያ ቀን በከተማው ውስጥ ውሃ የሚቀዳ አንድም ሰው እንዳልነበረ አላሰብኩም። እሳት ያነደደ የለ፣ የጠጣ የለ፣ ልብስ ያጠበ የለ። እኔ የለካሁት ባዶ ከተማን ነበር።

በማግስቱ ቅዳም ሹር ነው። ካህናቱ ቄጤማ እያደሉ የምሥራች ሲሉ ሰዉ ወደየቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያ ከተማዋ በሙሉ ቧንቧዋን ከፈተች። ጠላ የሚያጣራው፣ ቤት የሚያጥበው፣ ዶሮ የሚገነጥለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ውሃ ፈለገ። ታንከሩ መውረድ ሲጀምር ሳጥኑ ባስተማርኩት ልክ እጥፍ ደነገጠ። ሞተሩ አጓራ። ውሃው ግን ታች ሰፈር ቀረ፤ ታንከሩ አልተነሳም፣ ሳጥኑም ቂም መያዙን ቀጠለ። ከዚያ ሴቶቹ ቀድተው ሲጨርሱ ቧንቧዎቹ አንድ ላይ ተዘጉ። ያ ሁሉ ኃይል ሽቅብ ሄዶ ታንከሩን አፈሰሰው። ሳጥኑ በዚህ ደግሞ ደንግጦ ሞተሩን ሊያጠፋው ደረሰ። ታንከሩ ሲጎድል እንደገና አጓራ። እኔ "አሁን ይረጋጋል፣ አሁን ይረጋጋል" እያልኩ ቆሜ አያለሁ። በእጅ መንዳት ላይ መመለስ ነበረብኝ፤ ኩራቴ ያዘኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አያ ታከለ ቄጤማቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ ገቡ። በስግደት ጉልበታቸው ዝሎ ስለነበር ያነክሳሉ። መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ አደረጉ።

"ይኼ ቧንቧ እያለከለከ ነው" አሉ። "የትኛውን ቁጥር ነው የለወጥሽው?"

"አንደኛውን።"

"በስንት?"

"እጥፍ።"

ወደ ማጥፊያው እጃቸውን ሲዘረጉ ከሸለቆው በኩል እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ። ጎሚቶ የምንለው የቧንቧው መታጠፊያ ነበር የፈነዳው። ውሃው ከገደሉ ላይ ወደ ሰማይ ሲወነጨፍ ከፓምፕ ቤቱ በር ላይ ሆነን አየነው።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ይርጌ የተገነጠለ ዶሮ በሳህን ይዘው ዳገቱን ወረዱ። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች አሉ።

"አዛለች! ይኼን ዶሮ በምን ልጠበው? በምራቄ?"

"እትዬ ይርጌ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ…"

"ይቅርታሽ ስንት ጆግ ይሞላል? እኔ እኮ ውሃ አለ ብዬ ነው እንስራዬን ባዶ የተውኩት! በድሮው ዓመት ቢሆን ከሐሙስ ጀምሬ አጠራቅም ነበር!"

ይህን ሲሉ ነው የአያ ታከለ ንግግር የገባኝ። ሰዎቹ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። እኛን አምነው ማጠራቀም ትተዋል።

"ይርጌ፣ ያጠፋነው እኛ ነን" አሉ አያ ታከለ።

"እሳቸው አይደሉም" አልኩ። "እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ነው የለወጥኩት።"

እትዬ ይርጌ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እሳቸውን አዩ። ከዚያ ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጡ።

"እንግዲያው ምንጭ ወርደሽ አንቺው እጠቢልኝ። በደንብ። ሽታው ካልወጣ መልሼ አመጣልሻለሁ።"

ወረድኩ። ምንጩ ላይ የእትዬ ይርጌን ዶሮ በሎሚና በጨው አሥራ ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ስመለስ ሌሎች ሦስት ሳህኖች ይጠብቁኝ ነበር።

እሑድ፣ የፋሲካ ዕለት፣ አያ ታከለና እኔ ሸለቆው ውስጥ ዋልን። መለዋወጫ መታጠፊያ መጋዘን ውስጥ አልነበረም። የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠን የተሰነጠቀውን ጠቀለልን፣ ላዩ ላይ የብረት ቀበቶ አስገብተን በብሎን አጠበቅነው። አያ ታከለ ጾማቸውን የፈቱት እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ከቤታቸው የተላከውን ለሁለት ተካፈልነው።

"አያ፣ ተቆጡኝ" አልኳቸው።

"በፋሲካ?"

"እንግዲያው ነገ።"

"ነገ እንለካለን። ለቁጣ የሚሆን ቀን የለንም፤ ሰኔ ሠላሳ ቅርብ ነው።"

 ሰኞ ጠዋት ደብተራቸውን አየሁት። "ላይ 40" ይላል። ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት እንኳ ከነበረው ይበልጣል። ድንጋዮቹ ወረፋ ብቻ እንዳልነበሩ ያኔ ገባኝ። ሰው እኛን ምን ያህል እንዳላመነ የሚናገሩ ነበሩ።

*

ከዚያ በኋላ የሠራነውን ነው መምህርት ትርሲት ሰሌዳው ላይ የሳሉት። ቁጥሮቹን ወደ ትንንሾቹ መለስን። በዚህ ጊዜ ስንለካ ሳጥኑን አላቋረጥነውም። "ከተማዋ ከሳጥኑ ጋር ስትኖር ምን እንደምትመስል ነው ማወቅ የምንፈልገው" ይሉ ነበር አያ ታከለ። ሳጥኑ እየሠራ፣ የታንከሩን ዒላማ፣ ሳጥኑ ሊያደርሰው የታዘዘውን ከፍታ፣ ሁለት ጣት ከፍ እናደርጋለን፣ እጃችንን እናስራለን፣ እንጠብቃለን፣ እንጽፋለን። በገበያ ቀን እንለካለን፣ በሥራ ቀን እንለካለን፣ በበዓል እንለካለን። ከዚያ ወረቀት እሠራለሁ፣ ከወረቀቱ ቁጥር አወጣለሁ። ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያጓጓ ከአሥር አንድ እጅ በላይ በአንድ ጊዜ አንለውጥም። ሳምንት ጠብቀን፣ በአዲሱ ቁጥር ላይ እንደገና እንለካለን። አሮጌውን ወረቀት አንቀድድም፤ አንድ መስመር አስምረንበት ከሥሩ እናቆየዋለን።

ሁለተኛው ወረቀት ከአንደኛው ብዙም አልተለየም። ሦስተኛው አስደነገጠኝ። ግማሽ ሰዓት የነበረው መዘግየት ሩብ ሰዓት ሆኗል። ቧንቧው አላጠረም። ታች ሰፈር ሄጄ በየግቢው ስዞር ምክንያቱን አገኘሁት፤ ውሃው ሳይቋረጥ ስለሰነበተ ሰዎች ቧንቧቸውን መዝጋት ጀምረዋል። ከሥሩ የሚቀመጠው ጄሪካን ቀርቷል። ስለዚህ የጨመርነው ውሃ ቶሎ ሽቅብ ይደርሳል። ሳጥኑ ሰዎቹን ለውጧል፣ ሰዎቹ ደግሞ ለሳጥኑ የሚስማማውን ቁጥር ለውጠዋል። በአራተኛው ወረቀት ድንጋጤውን ጥቂት ጨመርን። በአምስተኛው ወደ ኋላ መለስነው፤ የሰኔ ጾም ገብቶ ሰዉ ውሃ የሚቀዳበት ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ ዞሮ ነበር። በስድስተኛው ቂሙን ብቻ ነካን። እያንዳንዱ ቁጥር ትንሽ ነበር፣ እያንዳንዱ ሳምንት ረጅም ነበር። ስቅለት ዕለት ያማረውን መስመር በቀለም እርሳስ እንዳሰመርኩት ደብተሩ ውስጥ ትቼዋለሁ።

ድንጋዮቹም ይቀንሱ ነበር። 33። 22። 14። ከዚያ 9 ላይ ቆሙና ለብዙ ቀናት አልወርድ አሉ። ሰኔ እያለቀ ነበር። ሰባተኛውን ወረቀት ሠርቼ ቁጥሩን እንደገና በጥቂቱ ነካን። አያ ታከለ ግን በየጠዋቱ ዳገቱን ይወጣሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይወርዳሉ። "9" ብለው ሲጽፉ ፊታቸው አይለወጥም። እኔ ነበርኩ የምሞተው።

ከእሳቸው በኋላ እዚያው ፓምፕ ላይ ቆየሁ፤ ከዚያም ወደ ንፋስ መውጫ ተዛውሬ እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። ትልልቅ ሞተሮች አይቻለሁ፣ ከሳጥኑ ብዙ የሚበልጡ መሣሪያዎችም መጥተዋል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማስተምረው እጅ ማሰርን ነው። ይስቃሉ፤ በኋላ ያስሩታል። የጡረታ ወረቀቴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአንድ ማህተም አለቀ። አያ ታከለ አሁን መካነ ኢየሱስ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ትምህርት መጀመሬን ልነግራቸው ስደውል "ስንተኛ ወረቀት ላይ ደረሳችሁ?" አሉኝ።

"ገና አንደኛው ላይ ነን አያ።"

"ጥሩ። አትቸኩሉ።"

ደብተራቸው እኔ ዘንድ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ አውጥቼ የመጨረሻውን ገጽ ከፈትኩት። ገጹ የተጻፈበት ጠዋት ከአያ ታከለ ጋር፣ ታችንና መሐልን በመንገድ እየቆጠርን፣ ዳገቱን ወጥቼ ነበር። ዝናብ ለአምስት ቀናት አልጣለም ነበር፤ ስለዚህ ጣሪያው ውሃ ሰጠ የሚያስብል ነገር የለም። ላይ ሰፈር ቦኖ ስንደርስ ወረፋው ባዶ ነበር። ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በቀር። የእትዬ ይርጌ ድንጋይ እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። አያ ታከለ እርሳሳቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ።

እትዬ ይርጌ ልብስ የሞላ ሳፋ ይዘው ከቤታቸው ወጡ።

"ምነው፣ ምን ተገትራችኋል?"

"ድንጋይሽን እየቆጠርኩ ነው" አሉ አያ ታከለ።

"የቱን? ይኼን? ይኼ እኮ የልብስ ማጠቢያዬ ነው!" ድንጋዩን አንስተው ከቧንቧው ሥር አጋደሙት፣ ነጠላቸውን ነክረው ይፈትጉበት ጀመር። "ወረፋ ድሮ ቀረ። ውሃው የት ይሄዳል ብዬ?"

"እንግዲያው አልቁጠረው?"

"እንዴት ተደርጎ! አይቆጠርም!"

አያ ታከለ ቧንቧው ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ጻፉ፣ የእርሳሳቸውን ክር ከኮታቸው ቁልፍ ፈቱና ከደብተሩ ጋር ሰጡኝ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዳገቱን ብቻቸውን ወረዱ። የጻፉት ይህን ነበር፦

"ታች 0፣ መሐል 0፣ ላይ፦ ድንጋይ የለም። ሰኔ 30 ቀን።"